አምስት ፊልሞች ከጎረቤታችን ከኬንያ

ሲኒማ የሚወዱ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር «በቅርቡ ካየኸው ፊልም የትኛውን ልይ?» እየተባባሉ መጠያየቃቸው የተለመደ ነው። በዚህ ሳምንት ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ከሩቅ አገር የመጣ ሳይሆን፣ ሰሞኑን በናይሮቢ በቆየንበት ጊዜ ካየናቸው ፊልሞች የተመረጠ ነው። ሎንዶንንና ኒውዮርክን ሳይረግጥ መንገዶቻቸውን በፊልም የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ሞልቷል። ነገር ግን ከሞያሌ ማዶ ያለው ሕዝብ እንዴት እንደሚኖር፣ በምን እንደሚስቅና በምን እንደሚያለቅስ በፊልም የተመለከተ ሰው ጥቂት ነው። ጎረቤትን ሳያውቁ ሩቁን ማወቅ ደግሞ ጎደሎ ዕውቀት ይሆናል።

ስለ ኬንያ የተሠራ ፊልም ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስታውሰው በ1985 የወጣውንና ሰባት የኦስካር ሽልማቶች ያገኘውን «አውት ኦቭ አፍሪካ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው። (እዚህ የምንጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ፊልም በናይሮቢ አጠገብ የቡና እርሻ የነበራትን የዴንማርክ ደራሲ የካረን ብሊክሰንን ኑሮ የሚተርክ ነው። የአገሩ መልክ እጅግ ያማረ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሆኖም የአገሩ ተወላጆች ከኋላ ይቆማሉ እንጂ ታሪኩ የእነርሱ አይደለም። ዛሬ የመረጥናቸው አምስት ፊልሞች ግን ኬንያውያኑን ራሳቸውን ፊት ለፊት ያቆማሉ። ሦስቱን ያዘጋጁት የኬንያ ልጆች ሲሆኑ፣ ሁለቱን ያዘጋጁት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። በአምስቱም ውስጥ አንድ ጥያቄ ይገኛል፤ ይኸውም «ብቻውን ለቆመ ሰው በዙሪያው ያሉት ምን ሊያደርጉለት ይገባል?» የሚል ነው።

አስቀድመን ለመላው ቤተሰብ የምንመርጠው በ2018 የወጣውን «ሱፓ ሞዶ»ን ነው። አዘጋጁ ሊካሪዮን ዋይናይና ይባላል። ታሪኩ ጆ ስለምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ጆ የማይድን ሕመም ስለ ያዛት እናቷ ከሐኪም ቤት አውጥታ ወደ መንደራቸው ትወስዳታለች። ልጅቱ የድብድብ ፊልም ወዳጅ ናት፤ ምኞቷም በፊልም እንደምታያቸው ጀግኖች ተአምረኛ ኀይል ማግኘት ነው። ታላቅ እኅቷ ይህን ምኞት ስለምታውቅ፣ ጆ በእርግጥ ኀይል እንዳላት እንድታምን መንደርተኛውን ሁሉ ታስተባብራለች። በመጨረሻም መንደሩ በሙሉ ተሰብስቦ ልጅቱ ጀግና ሆና የምትታይበትን ፊልም ለመሥራት ይነሣል።

ፊልሙን ከተራ አሳዛኝ ታሪክ የሚለየው የእናትዮዋ ነገር ነው። እናትየው የሰፈሩን ጨዋታ አትወደውም። ልጇ የቀራትን ጥቂት ጊዜ በቤቷ ዐርፋ፣ በእናቷ ዓይን ሥር ሆና እንድታሳልፈው ትፈልጋለች። እኅትየው ደግሞ ዕድሜ የሚለካው በቀኑ ብዛት ብቻ አይደለም የምትል ትመስላለች። ተመልካቹ ከሁለቱ አንዷን በቀላሉ ሊፈርድባት አይችልም፤ ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነውና። በአገራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። አንዲት እናት ብቻዋን ልትሸከመው የማትችለውን ኀዘን መንደሩ ሲካፈላት ማየት የዚህን ምሳሌ ትርጉም በዓይን ማየት ነው። የጆን ቦታ ይዛ የምትጫወተው ስታይሲ ዋዌሩ ሕፃን ስትሆን፣ አንዳችም መኮራረጅ የሌለባት ተዋናይ ናት። ልጆቻቸውን ይዘው የሚያዩ ወላጆች ግን ስለ ሞት ለሚቀርብላቸው ጥያቄ አስቀድመው መልስ ቢያዘጋጁ መልካም ነው።

ሁለተኛው «ዘ ፈርስት ግሬደር» ሲሆን፣ ስሙ የአንደኛ ክፍል ተማሪው ማለት ነው። በ2010 የወጣውን ይህን ፊልም ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ጀስቲን ቻድዊክ ነው፤ ነገሩ ግን በኬንያ በእርግጥ የተደረገ ነው። መንግሥት በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ካደረገ በኋላ፣ ኪማኒ ማሩጌ የተባሉ ሽማግሌ በ2004፣ በ84 ዓመታቸው፣ በኤልዶሬት አጠገብ በሚገኝ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገቡ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው በማው ማው ጦርነት ከእንግሊዞች ጋር የተዋጉ ሲሆኑ፣ ፊደል የመቁጠር ዕድል ሳያገኙ ያረጁ ነበሩ።

በፊልሙ ውስጥ ማሩጌ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሲመጡ «ይህ ለሕፃናት ነው» ተብለው ይመለሳሉ። እርሳቸው ግን «ለሁሉ ተብሏል» ብለው ይከራከራሉ። የደንብ ልብስ ያስፈልጋል ሲባሉ ሱሪያቸውን ቆርጠው ቁምጣ አድርገው፣ እንደ ተማሪዎቹ ለብሰው ይመጣሉ። በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ክፍል ልብ ብለው እንዲመለከቱት እንወዳለን። ዐዋጁን የጻፈው ሰው «ሁሉ» ሲል የ84 ዓመት ሽማግሌ ይመጣል ብሎ ምናልባት አላሰበም ይሆናል። በሩ ላይ የቆመው ሹም ግን ቃሉን አጥብቦ ለመተርጎምም ሆነ አስፍቶ ለመተርጎም ሥልጣን በእጁ ነው። የአንድ ሰው ሕይወት የሚለወጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነቱ ትንሽ ውሳኔ ነው። በፊልሙ ውስጥ በሩን የምትከፍትላቸው መምህርት ለዚህ ውሳኔዋ የምትከፍለውም ዋጋ አለ፤ እርሱን ተመልካቹ ራሱ ያየዋል።

እውነተኛው ማሩጌ በ2005 ወደ ኒውዮርክ ተጉዘው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ ነፃ ትምህርት ተናግረዋል። በ2007 መጨረሻ ከተደረገው ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ በኋላም ወደ ናይሮቢ መጥተው በአረጋውያን መኖሪያ እየኖሩ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ፊልሙን ሳያዩት በ2009 ዐረፉ። በፊልሙ የእርሳቸውን ቦታ የያዘው ኬንያዊው ኦሊቨር ሊቶንዶ ነው። አዲስ ቋንቋ ወይም አዲስ ፊደል በጎልማሳነት ለመማር የተነሣና አንዳንድ ቀን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ካለ፣ ለእርሱ ከዚህ የተሻለ ፊልም አናውቅም።

ሦስተኛው ፊልም ለልጆች የሚሆን አይደለም። በ2012 የወጣው «ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ» ይባላል፤ አዘጋጁም ዴቪድ ቶሽ ጊቶንጋ ነው። ማዋስ የተባለ የገጠር ወጣት የፊልም ቅጂ እየሸጠ ይኖራል፤ ለገዢዎቹም የፊልሙን ድርጊት እያስመሰለ ያሳያቸዋል። ተዋናይ ለመሆን ተመኝቶ ወደ ናይሮቢ ይመጣል። በመጣበት ቀን ይዘረፋል፣ ይታሰርማል። በእስር ቤት ያገኘው የሌቦች አለቃ ወዳጅ ይሆነውና ወደ ቡድኑ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ኑሮው ለሁለት ይከፈላል፤ በአንድ በኩል የቴያትር መድረክ፣ በሌላው በኩል ሌብነት።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባን የአውቶቡስ ጣቢያ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ትንሽ ጥቅል ይዞ ከአውቶቡስ የሚወርደውንና ወዴት እንደሚሄድ የማያውቀውን ወጣት አይቷል። ፊልሙ የሚለን ይህ ነው፤ አዲስ መጪውን ደግ ሰው ካልተቀበለው ክፉ ሰው ይቀበለዋል። ከተማ ባዶ ቦታ አይተውም። በፊልሙ የሚታዩት ፖሊሶች ከሌቦቹ የማይሻሉ መሆናቸው ደግሞ ወጣቱን መሸሻ ያሳጣዋል። የማዋስን ቦታ የያዘው ጆሴፍ ዋይሪሙ በዚያው ዓመት በደርባን የፊልም በዓል በምርጥ ተዋናይነት ተሸልሟል፤ ፊልሙም ኬንያ ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ፊልም ውድድር ያቀረበችው የመጀመሪያው ነው።

ቋንቋውም ሊታወስ ይገባዋል። ተዋንያኑ ስዋሂሊና ኪኩዩ ይናገራሉ፤ ከዚህም ጋር ሼንግ የሚባለውን፣ ስዋሂሊን ከእንግሊዝኛና ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ያቀላቀለውን የናይሮቢ ወጣቶች ንግግር ይጠቀሙበታል። ሰው በሚያስብበት ቋንቋ ሲናገር ፊቱም አብሮ ይናገራል። ከዚህ በቀር ግን ፊልሙ ስድብና ደም ይበዛበታል፤ ስለዚህ ለአዋቂዎች ብቻ እንዲሆን እንመክራለን።

አራተኛው «ፍሮም ኤ ዊስፐር» የተባለው የዋኑሪ ካሂዩ ሥራ ነው። ይህ ፊልም የተመሠረተው ነሐሴ 7 ቀን 1998 በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ አደጋ ላይ ነው። በዚያ ቀን በናይሮቢ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የሚበዙት ለሥራና ለጉዳይ የወጡ ኬንያውያን ነበሩ። ቦታው የሚገኘው በሞይ ጎዳናና በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ስም በተሰየመው ጎዳና መገናኛ ላይ ሲሆን፣ ዛሬ የመታሰቢያ የአትክልት ስፍራ ሆኗል። ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ የንጉሠ ነገሥቱን ስም አይቶ ሲቆም የሟቾቹን ስም ዝርዝርም አብሮ ያነበዋል።

ፊልሙ ፍንዳታውን ከማሳየት ይልቅ የቀሩትን ሰዎች ይከተላል። አንዲት ወጣት ሠዓሊ በአደጋው ቀን የጠፋችውን እናቷን ትፈልጋለች፤ አንድ የጸጥታ ባልደረባ ደግሞ ከአደጋው ጋር የተያያዘ የራሱን ምሥጢር ተሸክሟል። ቤተሰብ «ልጅቱን እንዳናሳዝን» ብሎ እውነቱን ሲደብቃት ኀዘኑ እንደማይቀንስ፣ ይልቁንም መልኩን ለውጦ እንደሚቆይ ፊልሙ በእርጋታ ያስረዳል። መርዶ መንገርን በሥርዓት ለምናውቅ ለእኛ ይህ ብዙ የሚያነጋግር ነገር ነው። አካሄዱ ዘገምተኛ ስለ ሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል።

አምስተኛው አጭር ነው፤ ከ22 ደቂቃ አይበልጥም። «ዋቱ ዎቴ» ይባላል፤ በስዋሂሊ ሰዎች ሁሉ ማለት ነው። ያዘጋጀችው ጀርመናዊቷ ካትያ ቤንራት ናት። በ2014 ኅዳር ወር በማንዴራ አጠገብ ታጣቂዎች አንድ አውቶቡስ አስቁመው እስላም ያልሆኑትን ለይተው 28 ሰዎች ገደሉ። በሚቀጥለው ዓመት በታኅሣሥ ወር በዚያው አገር ሌላ አውቶቡስ ቆመ። በዚህ ጊዜ ግን እስላሞቹ ተሳፋሪዎች «አንለይም» አሉ፤ ለክርስቲያኖቹ ሴቶችም መሸፈኛ ልብስ ሰጧቸው። ከእነርሱ አንዱ የነበረው መምህር ሳላህ ፋራህ በጥይት ተመቶ በጥር 2016 ሞተ። ፊልሙ ይህን የሚተርከው ቂም በያዘች በአንዲት ክርስቲያን ተሳፋሪ በኩል ነው፤ በ2018ም ለኦስካር ከታጩት አጫጭር ፊልሞች አንዱ ሆኗል። ማንዴራ ኬንያ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ የሚገናኙበት ዳርቻ በመሆኑ ነገሩ ከበራችን የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ምርጫችንን በአጭሩ እናስቀምጥ። ከልጆች ጋር ለሚያይ ሰው «ሱፓ ሞዶ»፣ ከሽማግሌ አባት ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር ለሚያይ «ዘ ፈርስት ግሬደር»፣ ጎልማሳ ለሆነ «ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ»፣ ኀዘን ላለበት ቤት «ፍሮም ኤ ዊስፐር»፣ ጊዜ ላጠረው ደግሞ «ዋቱ ዎቴ» ይስማማል። አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል የማሩጌን ታሪክ ሳናመነታ እናስቀድማለን።

አማርኛቸውን በማጠንከር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ቢሞክሩ ይጠቅማቸዋል። ፊልሙን ካዩ በኋላ ታሪኩን ላላየው ሰው በአማርኛ ይተርኩለት። ማን ምን እንዳደረገ መናገር ቀላል ነው፤ ለምን እንዳደረገው መናገር ግን ቋንቋንም ልብንም ይፈትናል። አድማጩ «ታዲያ እናትየዋ ምን አለች?» ብሎ ከጠየቀ ተራኪው ተሳክቶለታል ማለት ነው።

የሳምንት ሰው ይበለን።