አሲዳማ አፈርና የሰው አጽም፦ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ምርምር በጀት ከምዕራብ ጎጃም አንጻር ሲታይ

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነትን ማፈላለግን፣ የወንጀል ተጠያቂነትንና የተጎጂዎችን ካሳ በአንድነት ይዟል። ሦስቱም ሥራዎች በተግባር ሲጀመሩ የሚያጋጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሞተው ማን ነው፣ እንዴትስ ሞተ? ከዓመታት በኋላ ለዚህ ጥያቄ ምላሽ የሚሰጠው በአብዛኛው ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ፣ ማለትም ከአጽም ተነሥቶ የሟችን ጾታ፣ ዕድሜ፣ ቁመትና የደረሰበትን ጉዳት የሚለይ የሳይንስ ዘርፍ ነው። ዘርፉ በምርምር ገንዘብ ረገድ ያለበትን ሁኔታ ለመረዳት ምዕራብ ጎጃም ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

በቡሬና በአካባቢዋ በ1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ጦር ጋር ውጊያ ተካሂዷል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በፍኖተ ሰላም ሲቪል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በአካባቢው ወግ ሟች በዕለቱ ወይም በማግስቱ ፍትሐት ተደርጎለት በደብሩ ቅጥር ይቀበራል፤ ዕድርተኛውና ጎረቤቱ መቃብሩን ያውቀዋል። በግጭት ጊዜ ግን ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። አስከሬን ያላገኘ ቤተሰብ ተዝካር ለማውጣት እንኳ ይቸገራል። ጉዳዩ የሐዘን ብቻም አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት የመጥፋት ውሳኔ ለመጠየቅ ሰውየው ሁለት ዓመት ወሬው ሳይሰማ መቆየት አለበት። በዚህ መካከል የውርስም ሆነ የጋብቻ ጉዳይ በእንጥልጥል ይቆያል።

እዚህ ላይ ብዙ የማይነገርለት ጉዳይ አፈሩ ነው። የምዕራብ ጎጃም ደጋና ወይና ደጋ በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው። በብርቱ ዝናብ ለዘመናት ስለታጠበም አሲዳማነቱ ከፍተኛ ነው። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ ሲሆን፣ የጎጃም አርሶ አደር ኖራ በማሳው ላይ የሚበትነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስንዴን የሚያቀጭጨው አሲድ አጽምንም ይበላል፤ የአጥንት ጥንካሬ የሚገኝበት የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን በአሲዳማ ውኃ ይሟሟልና። በደረቅ ወይም ኖራማ መሬት ለረጅም ዘመን የሚቆይ አጽም ክረምት ሙሉ ውኃ በሚያልፍበት ቀይ አፈር ውስጥ እጅግ ቀድሞ ሊበሰብስ ይችላል። ምን ያህል ቀድሞ? ይህን ለመመለስ በቦታው አፈርና በቦታው ዝናብ የተሠራ ጥናት ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የተለካ የብስባሴ ፍጥነት ለቡሬ አይሠራም።

የልኬት ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ከጭን አጥንት ርዝመት ተነሥቶ ቁመትን ለመገመት በዓለም ላይ ሰፊ አገልግሎት የሰጠው የትሮተርና ግሌሰር ቀመር እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ሲሆን፣ መሠረቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ የአሜሪካ ወታደሮችና በዚያው አገር የተሰበሰቡ አጽሞች ናቸው። የሰውነት ምጥጥን ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ ቀመሩ ለጎጃም ገበሬ ሲውል የስሕተቱ መጠን መፈተሽ አለበት። ዐቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ማስረጃ በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ነጥብ ነው።

ኢትዮጵያ ለዘርፉ እንግዳ አይደለችም። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግ ባለሥልጣናትን ሲመረምር የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድንን ጋብዞ ነበር። ቡድኑ በአዲስ አበባ በቆፈረው የጅምላ መቃብር ከአጽሞቹ አንገት ላይ የናይለን ገመድ ተገኝቷል። ታንቀው መገደላቸውን ያስረዳው ይህ ግኝት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ በተሰጠበት የክስ ሂደት ውስጥ ቦታ ነበረው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው አውሮፕላን ሕይወታቸው ያለፈውን 157 ሰዎች የመለየቱ ሥራም ኢንተርፖል ያስተባበራቸውን የውጭ ባለሙያዎች ጠይቋል። በሁለቱም ጊዜ ዕውቀቱ በዋናነት በውሰት የመጣ ነበር። በአገር ውስጥ የነበረው የአስከሬን ምርመራ አገልግሎት ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ በሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተወስኖ ቆይቷል፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው።

የሰው አጥንት የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ግን አልጠፋም። ሉሲ እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር ከተገኘች ወዲህ በቅሪተ አካል ጥናት ዓለም ያወቃቸው ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ወጥተዋል፤ ለጥናቱም የውጭ የምርምር ድርጅቶች ገንዘብ ሲያፈሱ ኖረዋል። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም ገንዘብ ሲያገኝ የትናንቱ የሚያጣው የውጭ ገንዘብ ሰጪ የራሱን ጥያቄ ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ ሊወቀስበትም አይገባም። የራሳችንን ጥያቄ በራሳችን በጀት መጠየቅ የኛ ድርሻ ነው። በዩኔስኮ መረጃ እ.ኤ.አ. በ2017 አገሪቱ ለምርምርና ልማት ያዋለችው ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ 0.27 በመቶ ሲሆን፣ የአፍሪካ ኅብረት ግብ 1 በመቶ ነው። ከዚህ ጠባብ ማዕድ ድርሻ ለማግኘት ከግብርናና ከጤና ጋር መጋፋት ለፎረንሲክ ጥናት ከባድ ነው።

ስለዚህ የሚያዋጣው አዲስ ተቋም ከመመሥረት ይልቅ ያሉትን ማገናኘት ይመስላል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት በመሆኑ የአፈሩ ጥናት ከዚያ ሊጀመር ይችላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። በአፈር ውስጥ የአጥንትን ለውጥ ለመከታተል ሌላው ዓለም በብዛት የሚጠቀመው የአሳማ በድን ነው፤ ለቡሬ ገጠር በግ የሚስማማ መሆኑን መናገር አያሻም። ወጪው የጥቂት በጎች ዋጋ፣ የአጥር፣ የጥበቃና የላቦራቶሪ ነው።

አንድ የአሠራር እንቅፋት ግን አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ክረምቱ ገብቷል። የምርምር ገንዘብ ጸድቆ፣ ግዥ ተፈጽሞ ተመራማሪው እጅ እስኪደርስ መስከረም ያልፋል። የመጀመሪያውን ዝናብ ውጤት ለመለካት ናሙናው በግንቦት አፈር ውስጥ መግባት አለበትና፣ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ካለፈው በጀት ተሸጋግሮ እንዲለቀቅ ካልተፈቀደ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ክረምት ይባክናል።