ዝም ያለውን ደንበኛ ስንት ሰከንድ እንጠብቀው?

የኮሌጅ ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ምን እንደሚመስል ልጅ የሚያስተምር ሁሉ ያውቀዋል። ስልኩን የያዘው ልጁ ነው፤ እጇ የሚንቀጠቀጠው ግን እናቱ ናት። ገጹ አልከፈት ሲል ከየቤቱ የሚሰማው «ኔትወርክ የለም» የሚለው ቃል ነው። እኔ በዚያች ሰዓት በሌላኛው ጫፍ ነኝ፤ የአንድ የግል ኮሌጅ ሰርቨር እጠብቃለሁ። እና ልንገራችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኔትወርኩም አለ፣ ማሽኑም አልተበላሸም። ወንበር ሞልቶ ነው።

ወንበሩ እንዴት ይሞላል? ዛሬ እሱን እናውጋ።

ሰርቨሩ ውስጥ ቀን ከሌት በር የሚጠብቅ ፕሮግራም አለ። ስክሪን ላይ አይታይም፤ ደንበኛ ሲመጣ ብቻ ብድግ ብሎ ያስተናግዳል። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሙያው ሰዎች «ዲመን» ይሉታል። እናቴ ቃሉን ስትሰማ አማተበችና «አንቺ ልጅ፣ ጋኔን ስትጠብቂ ነው የምታድሪው?» አለችኝ። ነገሩ እንኳ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. የነበሩ የኮምፒዩተር ሰዎች ቃሉን የተዋሱት ከስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ከጄምስ ክለርክ ማክስዌል ሐሳብ ነው። ማክስዌል አንዲት ትንሽ በር ላይ ተቀምጦ ፈጣኑንና ቀርፋፋውን ሞለኪውል እየለየ የሚያሳልፍ ፍጡር በምናቡ ፈጥሮ ነበር። እናቴ ግን አሁንም አላመነችኝም።

የኛ ኮሌጅ ዲመን «አፓቺ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ፣ በነፃ የሚገኝ፣ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ የቻለ አንብቦ ያሻሽለዋል። እኛ ጋ በሚሠራበት በነባሩ ዘዴ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ሠራተኛ ይመድባል። ደንበኛው እስኪሄድ ድረስ ያ ሠራተኛ ወደ ሌላ ሰው ዞር አይልም። ሳይነኩት ከተዉት እስከ 256 ሠራተኛ ያሰማራል። ብዙ ይመስላል አይደል? እስቲ እናስላው።

ውጤት የሚያወጣውን ገጽ ሲሠራ አንዱ ሠራተኛ በኛ ማሽን ላይ 30 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ይበላል። ማሽናችን ያለው ሜሞሪ 4 ጊጋባይት ነው። አንዱን ጊጋባይት ለዳታቤዙና ለሌላው ሥራ ብንተው የሚተርፈው ለ100 ሠራተኛ ያህል ነው። 256ቱንም እንፍቀድ ብንል ሜሞሪው ያልቅና ማሽኑ ከዲስኩ ጋር መመላለስ ይጀምራል፤ ያኔ ሁሉም አብሮ ይንፏቀቃል። ስለዚህ ገደቡን 100 አደረግሁት። ስስት ይመስላል፤ ግን 100ው በወጉ ተስተናግዶ ሌላው ደጅ ላይ ተራ ቢጠብቅ ይሻላል።

ችግሩ 100 ወንበር ማለት 100 ሰው ማለት አይደለም። እንደኛው በቀድሞው የኤችቲቲፒ ስሪት ከሚሠራ ሰርቨር ጋር ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ በአንዴ እስከ 6 ግንኙነት ይከፍታሉ። አንዱ ጽሑፉን ያመጣል፣ ሌላው ሎጎውን፣ ሌላው የዲኑን ፎቶ። 17 ሰው ገጹን ከነፎቶው በአንድ ጊዜ ከከፈተ ወንበሩ አለቀ ማለት ነው። (ፎቶውን ከውጤት ገጹ ላይ ለማስነሳት ሁለት ሴሚስተር ፈጅቶብኛል።)

ለሚናገር ደንበኛ መልስ መስጠት ቀላል ነው። የሥራው ክብደት ያለው ወንበር ይዞ ዝም ያለው ሰው ዘንድ ነው፤ ዝምታውም አንድ ዓይነት አይደለም።

ቁርስ ቤት አስቡ። አንዱ በልቶ ጨርሶ በስንጥር ጥርሱን እየጎረጎረ ቁጭ ብሏል። አፓቺ «ምናልባት ሌላ ያዝዝ ይሆናል» ብሎ 5 ሰከንድ ይጠብቀዋል፤ ይህ «ኪፕ አላይቭ» ይባላል። ወደ 2 ሰከንድ ብታወርዱት ብዙም የሚጎዳ የለም፤ ካማረው ተመልሶ ይገባል። ሌላው ግን ገና እያዘዘ ነው፣ ወይም ምግቡ ቀርቦለት ቀስ ብሎ እያላመጠ ነው። ይህንን ሰው ከመሃል ማስነሳት ሌላ ነገር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ዝምታ አፓቺ ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣው ትዕግሥት 60 ሰከንድ ነው።

ሳይሰናበት የሄደም አለ። ባትሪው አልቋል ወይም ታክሲው ኔትወርክ የሌለበት ሠፈር ገብቷል። ሰርቨሩ ይህን በምን ያውቃል? ሊኑክስ «አለህ ወይ?» ብሎ እንዲያጣራ ቢታዘዝ እንኳ፣ ቁጥሩን ካልቀየሩለት የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ መሆኑ ነው! ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ባዶ ወንበር ሁለት ሰዓት አይጠበቅም።

ከሁሉ የከፋው አውቆ ዝም የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 «ስሎውሎሪስ» የተባለ የማጥቂያ ፕሮግራም ወጣ፤ ስሙን ያገኘው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚኖር በዝግታ ከሚንቀሳቀስ ትንሽ እንስሳ ነው። ጥያቄውን ቆንጥሮ ቆንጥሮ እየላከ፣ መጨረሻውን ሳይናገር መቶ ወንበር ይይዛል። ለዚህ አንድ ተራ ኮምፒዩተር ይበቃዋል። ምንም ነገር አይሰብርም፤ እያዘዘ እንዳለ ሰው መስሎ ይቀመጣል እንጂ።

እኔ ሥራውን ከመረከቤ በፊት የነበረው ባለሙያ ይህን ሁሉ በአንድ ምት ለመጨረስ የመጠበቂያ ጊዜውን በሙሉ 3 ሰከንድ አድርጎት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ገጹ በረረ፤ ዲኑም ተደሰቱ። እኔ በገባሁ በመጀመሪያው የውጤት ቀን ግን ከደብረ ታቦር ወጣ ካለች ከተማ አንድ አባት ደወሉ።

«ልጄ፣ ልጅቱ እናንተ ዘንድ ነው የምትማረው። ስሟ ይመጣል፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል። ከስሟ በታች ምንም የለም። ተባርራ ይሆን?»

ሬጅስትራር ወርጄ አስጠየቅሁ። ልጅቱ አልፋለች። ወደ አባቷ መልሼ ደወልኩና «አባቴ፣ አልተባረረችም፤ የኛ ማሽን ነው ትዕግሥት ያጣው» አልኳቸው። በደካማ የሞባይል መስመር በአንዱ የዳታ ቁራሽና በሚቀጥለው መካከል ያለው ዝምታ ከ3 ሰከንድ በላይ ይሄዳል። የኛ ዲመን እያላመጡ ሳሉ ሳህኑን ያነሳባቸው ነበር። ስንቱ ወላጅ ስልክ ሳይደውል ነጩን ገጽ እያየ ልጁን እንደተቆጣ እንጃ።

ስለዚህ ጥያቄው የሰከንድ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው እየተራመደ ነው ወይ ነው። የዛሬው አፓቺ ይህንን ያውቃል። ጥያቄውን ለሚልክ ደንበኛ 20 ሰከንድ ይሰጠዋል፤ በላከው በየ500 ባይት አንድ ሰከንድ ይጨምርለታል፤ ከ40 ሰከንድ ግን አያልፍም። ዘገምተኛው የሚላወስበት ጊዜ ያገኛል፣ እንደ ስሎውሎሪስ የሚቆነጥረው ይወጣል። 3 ሰከንዱን አንስቼ ይህንን መለስኩት፤ ኪፕ አላይቭን ደግሞ 2 አደረግሁት።

ይህ ሲሆን ግን ቀርፋፋው ደንበኛ ሲያላምጥ ባለ 30 ሜጋባይቱን ሠራተኛ ይዞ ነው። ስለዚህ «ኤንጂንኤክስ» የተባለውን ሌላ ክፍት ሶፍትዌር አፓቺ ፊት አቆምኩት። ኢጎር ሲሶየቭ የሚባል ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምሮ በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው ነው። ይህኛው አንድ ጠረጴዛ አጠገብ ተገትሮ አይቀርም፤ እጅ ወደተነሳበት እየሄደ አዳራሹን ሁሉ በጥቂት ሰው ያስተናግዳል። ሠሪዎቹ እንደሚሉት ዝም ብለው የተቀመጡ 10,000 ግንኙነቶች የሚወስዱበት 2.5 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ነው። ከኛው ከአንዱ ሠራተኛ 30 ሜጋባይት ጋር አስተያዩት!

አሁን የደብረ ታቦሩን ጥያቄ ኤንጂንኤክስ ጨርሶ ይቀበልና ለአፓቺ ያቀብላል። አፓቺ በቅጽበት ሠርቶ መልሶለት ወደ ሌላው ይዞራል። ከዚያ በኋላ ለቀርፋፋው ስልክ ቀስ እያለ የሚያጎርሰው ኤንጂንኤክስ ነው። እሱም 60 ሰከንድ አለው፤ የሚቆጥረው ግን በአንዱ ጉርሻና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ነው እንጂ የማዕዱን ጠቅላላ ጊዜ አይደለም። ስልኩ 5 ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ እየጎረሰ እስከሆነ ድረስ የሚያስነሳው የለም።

ቁጥር መለወጥ ሲያስፈልገኝም ሌሊት አልጠብቅም። ሁለቱም ፕሮግራሞች ያለውን ደንበኛ ሳያስነሱ አዲሱን ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ ነባሩ ሠራተኛ የያዘውን ጨርሶ ይወጣል፣ አዲሱ ይተካል።

በናንተ በኩል ያለው ነገር «ሪፍሬሽ» መጫን ነው። ስትጫኑ ብራውዘሩ የድሮውን መስመር ይዘጋና እንደ አዲስ ይደውላል። ውጤቱን እየፈለገላችሁ የነበረው ሠራተኛ ግን መዝጋታችሁን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሥራውን ጨርሶ ሊያቀብል ሲል ነው። አሥር ጊዜ የተጫነ ልጅ አሥር ሠራተኛ ሊያስይዝ ይችላል፤ የሚሻማው ደግሞ ከራሱ ጋር ነው። አጎትም አክስትም በየስልካቸው ሲከፍቱ አስቡት። በአንድ ስልክ አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ደቂቃ ጠብቁ፤ ቡናው እስኪፈላ ይደርሳል።

ሰሞኑን ደግሞ ዲኑ አስጠርተውኝ «አንድ ሰው ከ10 ግንኙነት በላይ እንዳይከፍት አድርጊልኝ» አሉኝ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው፤ ኤንጂንኤክስም ይችላል። ግን ሰርቨሩ የሚያየው ሰው አይደለም፣ አድራሻ ነው። የአንድ ኢንተርኔት ቤት ደንበኞች በሙሉ በአንድ የውጭ አድራሻ ይመጣሉ፤ በሞባይል ኢንተርኔትም ብዙ ሰው አንድ አድራሻ የሚጋራበት ጊዜ አለ። አንዱ ብራውዘር 6 ከያዘ፣ በ10 ገደብ ከአንድ ኢንተርኔት ቤት አንድ ተማሪ ገብቶ ሁለተኛው በሩ ላይ ይጨናነቃል፣ ሦስተኛው ጨርሶ አይገባም። ይህንኑ ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። የተስማማነው በ300 ነው፤ በውጤት ሳምንት ደግሞ ገደቡ ጭራሽ ይነሳል።