መርዶ በቪዲዮ ኮል አይነገርም

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ከበድ ያለ ነገር ነው የማነሳው። ኢሞው፣ ዋትስአፑ፣ ቴሌግራሙ በየቤታችን ገብቷል። ልጁ ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ያለ ቤተሰብ ፊት ለፊት እየተያየ ያወራል፤ ደስም ይላል። መርዶ ላይ ግን ሳናስብበት ካሜራ እየከፈትን ሰው እየጎዳን ነው።

የኛ ሰው እንዴት እንደሚያረዳ ታውቁታላችሁ። ማልዶ ነው የሚኬደው። ሰውየው ከቤት ሳይወጣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው ይሰበሰብና አንድ ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ ይጀምራል። ሲጮህ የሚይዘው፣ ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ውሃ የሚያቀብለው ሰው አጠገቡ አለ። ይሄ እንዲያው ወግ ብቻ አይደለም እኮ። ሰው ብቻውን እንዳይሰበር የተበጀ ነው።

አሁን የሚሆነውን እዩ። አባት አርፏል፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ሪያድ ያለችው ልጅ ምንም ሳታውቅ ቪዲዮ ትደውላለች፤ ስልኩን አንድ ሕፃን ያነሳዋል። ከጀርባው ድንኳኑ፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ የለቅሶው ድምፅ። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ተረዳች ማለት ነው። የት ሆና? ሰው ቤት፣ ማድ ቤት ውስጥ፣ ድስት ጥዳ፣ አማርኛ የሚሰማ ሰው በሌለበት። ከዚህ ያመለጠች ደግሞ ፌስቡክ ላይ የአባቷን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ታገኘዋለች።

ይህን ፈርተው የሚደብቁም አሉ። «እማዬን አሳዩኝ» ስትል «ተኝታለች»፣ «ጸበል ሄዳለች»፣ «ካሜራው ተበላሽቷል»። ድሮ በደብዳቤና በተራ ስልክ ይሄ ለወራት ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን ልጅቱ በየሳምንቱ ፊት ማየት ለምዳለች፤ ካሜራው «የተበላሸ» ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አይወስዳትም። ለሞተ ሰው መድኃኒት መግዣ ብር የሚልክ ልጅም አለ። እሱ ሲገለጥ ከሞቱ የበለጠ የሚያንገበግበው መታለሉ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ወጉን ወደ ስልኩ እናምጣው፤ ካሜራው ከመርዶው በኋላ ይከፈት።

አንደኛ፣ ቤት ውስጥ ሞት ሲኖር አንድ ኃላፊ ይመደብ። ውጭ ካለው ሰው የሚመጣውን ጥሪ የሚያነሳው እሱ ብቻ ይሁን፣ በድምፅ። የልጆቹና የአያቶች ስልክ ይሰብሰብ፤ መርዶው ሳይደርስ ማንም ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አይለጥፍ።

ሁለተኛ፣ ከመናገር በፊት አጠገቧ ሰው ፈልጉ። ጓደኛ፣ የአገር ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው፣ እዚያ ያለ ኮሚኒቲ። ዓረብኛ የሚችል ሰው ከተገኘ አሠሪዎቿን አነጋግሮ ቢያንስ የአንድ ቀን ዕረፍት ይለምንላት። ማንም ካልተገኘ፣ የምታከብረው ትልቅ ሰው ሥራዋን ጨርሳ ክፍሏ ስትገባ በድምፅ ይደውል፤ ነግሮም ቶሎ አይዝጋ። ዝም ብትልም መስመሩ ላይ ይቆይ።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱን እወቁ። ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፣ ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድመናለች። ዋሽንግተን ግን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ ናት። እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ሌሊት 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። መተግበሪያውንም አስቡ፤ ዱባይ ላይ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ ሰዉ ቦቲም ነው የሚጠቀመው። በዚያች ቀን «አልገባ አለኝ» እያሉ መሯሯጥ አይገባም።

«መጥፎ ነገር ፊት ለፊት እየተያዩ ቢነጋገሩት አይሻልም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። በአካል ቢሆን አዎ። በስክሪን ግን ስትወድቅ ታያታላችሁ እንጂ አትይዟትም። ለሷም የመጨረሻ ሆኖ የሚቀርላት የናንተ የተደናገጠ ፊት ነው። (መስማት ለተሳናቸው በምልክት ቋንቋ መነጋገሪያቸው ቪዲዮው ስለሆነ የነሱ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ያኔ አጠገብ ሰው መኖሩ ደግሞ ይብስ ያስፈልጋል።)

ከተረዳች በኋላ ግን ቪዲዮውን አትንፈጓት! ድንኳኑን አሳዩዋት። ከአክስቶቿ ጋር ታልቅስ፣ ሠልስቱን፣ ዱዓውን ትከታተል። ቀብር ያልደረሰ ሰው ሐዘኑ አይወጣለትም፤ ቴክኖሎጂው እዚህ ላይ በእውነት ያጽናናል። በ40ውም ደውሉላት። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን ይረሳታል።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ፦ «አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ ለእከሊት ደውሉ» በሉና ቁጥሯን ስጡ። ሟርት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው።

በናንተ ቤት እንዴት ነው የሚደረገው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቤተሰቡ ውጭ ላለ ሰውም ሼር አድርጉት።