ምክር ብቻውን ጤና አይሆንም

“ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው” ይላል የአገራችን ሰው። ስለ ሠራተኛ ጤና በተነሳ ቁጥር ብዙዎቹ ድርጅቶቻችን የሚከተሉት ይህንኑ ብሂል ይመስላል። ግድግዳ ላይ ፖስተር ይለጠፋል፤ በዓመት አንድ ቀን ባለሙያ ተጠርቶ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ ያስተምራል፤ ቲሸርት ታድሎ የእግር ጉዞ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ካልተለወጠ “እኛ መክረናል” ተብሎ ጉዳዩ ይዘጋል። በእኔ እምነት ግን የሠራተኛው የአኗኗር ልማድ በአብዛኛው የሚወሰነው በሥራ ቦታው አደረጃጀት ነው። ስለዚህም የጤና ፕሮግራም ከምክር በፊት ከፈረቃው፣ ከምግቡ፣ ከውኃውና ከመፀዳጃ ቤቱ መጀመር አለበት።

ነገሩን ቅርባችን ካሉት ከተሞች አንፃር እንየው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ፣ አዲስ አበባን የከበቡ የፋብሪካ ከተሞች ናቸው። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ የሚገኘው ሰበታ ነው፤ አይካ አዲስ ጨርቃ ጨርቅም በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው እዚያው ነበር። የአበባ እርሻዎች፣ የውኃ ማሸጊያዎችና የምግብ ፋብሪካዎችም በዙሪያው አሉ። ሱሉልታን ደግሞ ዓለም የሚያውቃት በሌላ ነገር ነው። ከባህር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አትሌቶቻችን ይሰለጥኑባታል፤ ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ ትራክ አስገንብቶባታል። ታዲያ ያው አየርና ያው ሜዳ እያለ፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ የሚወጣው የፋብሪካ ሠራተኛ አትሌቶቹ ሲሮጡ እያየ ወደ ቤቱ ያዘግማል። “ስፖርት ሥራ” ብንለው ምን ሊመልስልን ነው?

የአገራችን ፋብሪካ በጤና ላይ የሚያደርሰውን ጫና በተመለከተ መረጃ አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በ5 ድርጅቶች ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ከድርጅቶቹ መካከል የመጠጥ ማሸጊያ፣ የአበባ እርሻና የጫማ ፋብሪካ ይገኙበታል። ወደ 1,000 ከሚጠጉት ሥራ ፈላጊዎች መካከል ማን እንደሚቀጠር በዕጣ ከተለየ በኋላ ተከታተሏቸው። በዓመቱ ሲታይ የፋብሪካ ሥራ የቀረበላቸው ሰዎች ካልቀረበላቸው ይልቅ ከባድ የጤና ችግር በርክቶባቸው ተገኘ። ሥራውን ከጀመሩት ውስጥም ሦስት አራተኛ ያህሉ በዓመት ውስጥ ለቀው ሄደዋል። ለእኛ ለሥራ አመራር ተማሪዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥር አዲስ መቅጠርና ማሰልጠን አለ፤ አዲሱ እጁ እስኪፈታ ደግሞ ምርት ይጎድላል። የጤና ጉዳይ ለድርጅቱም የወጪ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

“ታዲያ የውጭዎቹ ኩባንያዎች የሚሠሩበትን የዌልነስ ፕሮግራም እናምጣ” የሚል ይኖራል። ቀስ እንበል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራተኞቹን በዕጣ ከፍሎ ፕሮግራሙን ሞክሮት ነበር። የጤና ምርመራ፣ ትምህርትና የገንዘብ ማበረታቻ ጭምር ነበረበት። በሕክምና ወጪም ሆነ በሠራተኛው ልማድ ላይ ያመጣው ለውጥ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። የተመዘገቡት ሰዎች ድሮውንም ከሌላው የተሻለ ጤና የነበራቸው ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአንድ የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያን 160 የሥራ ቦታዎች አነጻጽሯል። ፕሮግራሙ በተሰጠበት ቦታ “ስፖርት እንሠራለን፣ ክብደታችንን እንቆጣጠራለን” የሚሉ ሠራተኞች ቁጥር ጨመረ፤ ነገር ግን የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ልኬታቸው ላይም ሆነ ከሥራ በመቅረታቸው ላይ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ልዩነት አልታየም። ምክርና ማበረታቻ ሀብታም አገር ውስጥ እንኳ ብቻውን ይህን ያህል ነው የሄደው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለተግባር ልምምድ በወጣንበት ወቅት ሰበታ አካባቢ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ (ስሙ ይቆየን) ግድግዳው ላይ “ውኃ በብዛት ይጠጡ” የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ አይቻለሁ። ነገር ግን ሠራተኛ መፀዳጃ ቤት ለመሄድ ከተቆጣጣሪው ካርድ መቀበል አለበት፤ ለአንድ መስመር ያለው ካርድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አንዷን የስፌት ሠራተኛ ስለ ጽሑፉ ብጠይቃት “ወንድሜ፣ ከጠጣሁ መውጣት አለብኝ፤ ከወጣሁ ደግሞ ቁጥሬ ይጎድላል” ነው ያለችኝ። ይህች ልጅ የውኃን ጥቅም ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ፖስተሩን የለጠፈውና ካርዱን ያወጣው አንድ መሥሪያ ቤት መሆኑ ነው ችግሩ።

በተቃራኒው እዚሁ አገራችን ከምክር አልፎ የተሄደበት ልምድ አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች.አይ.ቪ. በተስፋፋበት ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ፀረ ኤድስ ኮሚቴዎች ተቋቁመው ነበር። ጥሩ የሠሩት ኮሚቴዎች ስብሰባ ጠርተው በማስተማር አልተወሰኑም። ኮንዶም ሠራተኛው በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ ተቀመጠ፤ ምርመራው ሠራተኛው ዘንድ መጣ፤ አስተማሪዎቹም ከራሱ ከሠራተኛው መካከል ተመረጡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996ም አሠሪው ከሚያስደርገው የጤና ምርመራ ኤች.አይ.ቪ.ን ለይቶ በማውጣት ለሠራተኛው ከለላ ሰጠ። ማለትም ትምህርቱ፣ አቅርቦቱና የሕግ ጥበቃው አብረው ሄዱ።

ዛሬም መነሻ የሚሆን ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታም በአሠሪው ላይ ይጥላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በተዘጋ የሥራ ቦታ ውስጥ ትምባሆ ማጨስን ከልክሏል። ከዚህ ተነስተን በሦስቱ ከተሞች ያሉ ድርጅቶች ያለ ብዙ ወጪ ሊሠሯቸው የሚችሉትን ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ንጹህ ውኃና በቂ መፀዳጃ ቤት ያለ ካርድና ያለ ቁጣ ይኑር። ሁለተኛ፣ የሠራተኛው ክበብ ይታሰብበት። ለስላሳና ደረቅ ዳቦ ምሳ የሚሆነው ሠራተኛው ስለሚወደው ሳይሆን ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን በድጎማ ቢቀርብ ለጾመኛውም ላልጾመውም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ የክበቡ ወጥ ቤት ጨው ሲቀንስ የመቶዎች ጨው በአንዴ ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ የፈረቃ ለውጥ አስቀድሞ ይነገር፤ በየጊዜው እየተገለበጠ እንቅልፍ አይንሳ። ሌሊቱን ለመንቃት ጫት፣ ቀን ለመተኛት አረቄ የሚፈልግ ሰው ካለ መጀመሪያ መመርመር ያለበት የፈረቃው ሰሌዳ ነው።

አራተኛ፣ የደም ግፊት መለካት ቋሚ ሥራ ይሁን። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የደም ግፊት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። አንድ መለኪያና አንድ ነርስ ለዚህ ይበቃሉ፤ ዋናው ግን ውጤቱ በምስጢር መያዙና ለቅነሳ ምክንያት አለመሆኑ ነው። ስፖርቱ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው “መንገድ ለሰው” ሰዉ ቦታና ጊዜ ሲያገኝ ለመንቀሳቀስ ፈቃደኛ መሆኑን አሳይቶናል።

አንዳንድ ሰዎች “ሠራተኛው የሚፈልገው ጎመን ሳይሆን ደመወዝ ነው” ይሉ ይሆናል። እውነት አላቸው። ሽሮ የደመወዝ ምትክ አይሆንም፤ ሊሆንም አይገባም። ስለዚህም እነዚህ ነገሮች በሥራ አስኪያጁ በጎ ፈቃድ ላይ ከሚንጠለጠሉ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል በኅብረት ስምምነት ውስጥ ቢገቡ ይሻላል። ያኔ ችሮታ መሆናቸው ይቀርና መብት ይሆናሉ፤ ሥራ አስኪያጅ ሲቀየርም አብረው አይጠፉም።

በመጨረሻም ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ ስለ ሠራተኛ ተነሳሽነት የመመረቂያ ጽሑፍ እንጽፋለን፤ መጠይቅ በትነን “እስማማለሁ፣ አልስማማም” እናስሞላለን። እስቲ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ወርደን ሌላ ነገር እንቁጠር፤ ለስንት ሠራተኛ ስንት መፀዳጃ ቤት አለ? የምሳ ሰዓቱ ስንት ደቂቃ ነው? የፈረቃው ሰሌዳ በወር ስንት ጊዜ ይቀየራል? በዓመት ስንት ሰው ይለቃል? መምህራኖቻችንም ይህን ቢያበረታቱ፣ ነገ ሥራ አስኪያጅ ስንሆን ፖስተር ከመለጠፋችን በፊት ምን መጠየቅ እንዳለብን አውቀን እንወጣለን።