ዘይቤ መቁጠር ሂስ አይደለም

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ላይኛ ክፍሎች የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት እየተባለ የሚሰጠው ነገር በአብዛኛው ተማሪውን ከሥነ ጽሑፍ የሚያርቅ ነው። ተማሪው ሰውኛን፣ ተነጻጻሪን፣ ተለዋጭን፣ ግነትንና ምጸትን ከነፍቺያቸው ይሸመድዳል፤ ግጥም ሲቀርብለትም በየስንኙ ሥር ስማቸውን ይለጥፋል። ከዚያ ትምህርቱ አለቀ ይባላል። ይህ የንብረት ቆጠራ እንጂ ሂስ አይደለም። የንብረት ክፍል ሠራተኛ በመጋዘኑ ስንት ወንበር እንዳለ ያውቃል፤ ማን ለምን እንደሚቀመጥበት ግን አይጠየቅም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር «ኦቴሎ» ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለምና ምሳሌውን ከዚያ እንውሰድ። በተውኔቱ ውስጥ ስላለው መሐረብ የተጠየቀ ተማሪ «መሐረቡ የፍቅር ተምሳሌት ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ይታረምለታል፤ ነጥብም ያገኛል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ተውኔቱን ገልጦ ያላየ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በሦስተኛው ገቢር ኦቴሎ ለዴዝዴሞና ሲናገር፣ መሐረቡን ለእናቱ የሰጠቻት አንዲት ግብፃዊት አስማተኛ ናት ይላል። በአምስተኛው ገቢር፣ ሚስቱን ከገደለ በኋላ፣ ለእናቴ የሰጣት አባቴ ነው ይላል። መሐረቡ አንድ፣ ታሪኩ ሁለት!

የሥነ ጽሑፍ ምርመራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ተማሪ፣ የመጀመሪያው ታሪክ ሚስትን ለማስፈራራት፣ ሁለተኛው ግድያውን በሰው ፊት ለማጽደቅ የተነገረ ነው ብሎ ይከራከር። በዓይኔ የማየው ማስረጃ አምጣ ብሎ ኢያጎን ያስጨነቀው ሰው፣ ራሱ እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ ቃል ሰጪ ሆኖ መገኘቱንም ይጨምርበት። ሌላው ተነሥቶ፣ የለም፣ ይህ የሚያሳየው ብልጠትን ሳይሆን የተናጋ አእምሮን ነው ይበል። ሁለቱም ወደ ተውኔቱ ተመልሰው ቃሉን መጥቀስና ከቃሉ ወደ አቋማቸው የሚያደርሰውን መንገድ በጽሑፍ ማሳየት ግዴታቸው ነው። አቋም፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ፤ ሂስ ማለት ይኸው ነው።

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ ነው የሚል ካለ የገዛ አገሩን ትምህርት ቤት አያውቅም። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል ፈትተው «አንድም» እያሉ ሌላውን ፍቺ ሲያስከትሉ፣ ተማሪው አንድ ንባብ ከአንድ በላይ ትርጓሜ ሊሸከም እንደሚችል ይማር ነበር። የቅኔ ቤት ተማሪም ሰሙንና ወርቁን መለየት ብቻ አይበቃውም፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ከመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ይታረማል፤ ነገም ይመለሳል። እዚያ «መቁጠር» ማለት አስቦ መፍጠር ነው። በዘመናዊው ክፍል ግን ቃሉ ወደ ተራ ትርጉሙ ወርዷል።

የበሽታው ምንጭ ፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ የሚመለስ ስለሆነ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ወጣት ስለ አንድ ልብ ወለድ አንድ ገጽ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። በዩናይትድ ስቴትስ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጠው የከፍተኛ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፈተና የምርጫ ክፍል ቢኖረውም፣ ተማሪው በተጨማሪ በ2 ሰዓት 3 ድርሰቶች ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የእርማት መመሪያ ከየድርሰቱ 6 ነጥቦች 1 ለአቋም፣ 4 ለማስረጃና ማብራሪያ፣ 1 ለአስተሳሰብ ምጥቀት ይሰጣል። ዘይቤን በስሙ ለመጥራት ብቻ የተመደበ ነጥብ የለም። ይህም ሥርዐት እንከን አያጣውም፤ ለነጥብ ሲባል በቀመር መጻፍን ሊያስለምድ ይችላል። ሆኖም በቀመር የጻፈን ማረም ይቻላል፤ ጨርሶ ያልጻፈን ማረም ግን አይቻልም።

የተማሪዎቻችን እንግሊዝኛ ደካማ ስለሆነ ሂስ አይችሉም የሚሉ አሉ። እንግሊዛዊው ሃያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ የደራሲ ስም ያልሰፈረባቸውን ግጥሞች ለካምብሪጅ ተማሪዎች ሰጥቶ ያሰባሰበውን አስተያየት እ.ኤ.አ. በ1929 አሳትሟል። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፈውን ግጥም የላይ ፍቺውን እንኳ የሳቱ ብዙዎች ነበሩ። እንግዲህ ችግሩ የቋንቋ ብቻ አይደለም፤ በጥንቃቄ የማንበብ ልምድ ነው። ልምዱም ቋንቋው እስኪሻሻል አይጠብቅም፤ ይልቁንም ቋንቋውን የሚያሻሽለው እርሱ ነው።

ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ መምህሩ ይህን ሁሉ ድርሰት ሊያርም አይችልም የሚለው ክርክር ግን እውነት አለበት። ስለዚህ ረጅም ድርሰት አንጠይቅ። በሳምንት አንድ አንቀጽ ይጻፍ፤ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ያንብቡት፤ መምህሩ በየተራ ጥቂቱን ይረም። ብሔራዊ ፈተናውም ቢያንስ አንድ በጽሑፍ የሚመለስ ጥያቄ ይኑረው። እርማቱ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ ነገር ግን የሚፈተን ነገር ካልሆነ በስተቀር የሚያስተምረው አይገኝም።

ጉዳዩ የጥቂት ደራስያን ጭንቀት ብቻ አይደለም። ኦቴሎን ያጠፋው አንድን መሐረብ አይቶ፣ እንዴት እዚህ ደረሰ ብሎ ሳይመረምር መፍረዱ ነው። የቀረበለትን ሁሉ ከአራት ምርጫዎች አንዱን አክብቦ የሚያልፍ ወጣት፣ ነገ አዋጅም ሆነ ወሬ ሲደርሰው በምን ይመረምረዋል?