ዝና በስም ብቻ አይመለስም

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ያለውን ግቢ የዛሬ ወጣት «እንጦጦ ቴክኒክ» ይለዋል። ሽበት የወረሳቸው የድሮ ተማሪዎቹ ግን ከ«ተፈሪ መኮንን» ንቅንቅ አይሉም። በደርግ ዘመን የተነሳው ስም ቢመለስ ደስ ይለኛል፤ ትምህርት ቤቱን ያስከበረው ግን ሥራው ነበር።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ትምህርት ቤቱን በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ሲከፍቱ ከራሳቸው ኪስ አውጥተው ነው ያሠሩት። በበላይነት እንዲመሩት የመረጧቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ነበሩ። እኚህ ሰው በ1860 ዓ.ም. በሕፃንነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው፣ ሕንድ አድገው፣ ሐኪም ሆነው አገራቸው የተመለሱ ናቸው። ገንዘቡ ብቻውን ትምህርት ቤት እንደማይሆን፣ ሰው እንደሚያስፈልገው መሥራቹ ያውቁ ነበር።

ከነፃነት በኋላም ያው ብልሃት ተደገመ። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ያኔ ንጉሠ ነገሥት የነበሩት መሥራቹ ትምህርት ቤቱን ለካናዳ ኢየሱሳውያን አስረከቡ። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ ሦስት መቶ ዓመት ቢያልፍም ቁስሉ ፈጽሞ አልተረሳም። ስለዚህ መምህራኑ የካህን ልብሳቸውን ትተው ኮትና ሱሪ እንዲለብሱ፣ ሃይማኖት እንዳይሰብኩ ተነገራቸው። እነሱም እሺ ብለው አስተማሩ። መሪያቸው ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ጎበዝ መምህር ለማግኘት ሲባል መንግሥት የቆየ ቂሙን ሳይቀር ዋጠ።

እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። የወንዶች ትምህርት ቤት ነበር፤ እቴጌ መነን ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት እስኪከፍቱ ስድስት ዓመት አልፏል። ከመዲናዋ ራቅ ብሎ ያደገ የገበሬ ልጅም ደጁን ማየቱ ብርቅ ነበር። ያን ዘመን እንዳለ እንመልሰው የሚል ካለ እኔ የለሁበትም።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚህ መሐል አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ግል ትምህርት ቤት ሸሽቷል። የመንግሥት ትምህርት ቤት አማራጭ ላጣ ሰው የቀረ ሲሆን የሚጮህለት አይኖርም።

ትምህርት ሚኒስቴር አሁን ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እየገነባ ነው፤ ይበል ያሰኛል። ግን ግንቡ ከማለቁ በፊት የመምህሩ ደመወዝና መኖሪያ ይታሰብበት። መግቢያውም በፈተና ብቻ ይሁን፤ ለሴቷም ለገጠሩም ልጅ እኩል ይከፈት። ባለሥልጣኖቻችንም ልጆቻቸውን እዚያው ያስመዝግቡ። ያኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምን እንደጎደለው በየዓመቱ ጥናት ማስጠናት አያስፈልገንም።