ኮንክሪቱ ይፈተሻል፤ ትምህርቱስ?

በአዲስ አበባ ልደታ አካባቢ የሚገኘውንና በተለምዶ «ሕንፃ ኮሌጅ» እየተባለ የሚጠራውን ግቢ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመ የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሥነ ሕንፃን፣ የሕንፃ ግንባታንና የከተማ ልማትን ያስተምራል። ግቢው የሚታወቀው በማስተማር ብቻ ሳይሆን የግንባታ ዕቃዎችን በመመርመርና በመፈተሽም ጭምር ነው። ለዛሬው ሐሳባችን መነሻ የሆነንም ይኸው ፍተሻ ነው።

የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካበት መንገድ ቀላል ነው። ለግንባታው ከተቦካው ላይ ጥቂቱ ተወስዶ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ባለ ስድስት ገጽ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይሞላል፤ ከደረቀ በኋላም ውኃ ውስጥ ይቆያል። በ7ኛው ቀን አንዳንዱ፣ በ28ኛው ቀን ደግሞ ሌላው መጭመቂያ ማሽን ውስጥ ገብቶ እስኪሰበር ድረስ ይጫናል። በተሞላበት ዕለት «ጠንክሯል» ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ የለም። ሲሚንቶና ውኃ ተዋሕደው ጥንካሬ እስኪፈጥሩ ጊዜ ይፈልጋሉና።

እኛ የሳይንስ መምህራን ግን ክፍል ውስጥ የምናደርገው ከዚህ የተለየ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ካስረዳን በኋላ ፊታችንን ከሰሌዳው መልሰን «ገባችሁ?» እንላለን። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። እኛም ጠመኔያችንን አራግፈን እንወጣለን። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንዲት የመለኪያ ስሕተት የማናልፍ ሰዎች፣ ስለ ራሳችን ማስተማር ሲሆን ይህችን «አዎ» እንደ ማስረጃ እንቀበላለን።

ይህች «አዎ» ምን ያህል አታላይ እንደሆነች የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጫጭር ምንባቦችን ሰጡ። ተማሪዎቹ አንዱን ምንባብ ደግመው አነበቡት፤ ሌላውን ግን አንድ ጊዜ ካነበቡ በኋላ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጠ፤ ውጤቱ 81 በመቶ ለ75 ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ፣ ከአእምሯቸው አውጥተው ከጻፉት ደግሞ 56 በመቶ አስታወሱ። በዕለቱ የለካ መምህር «ደጋግሞ ማንበብ ይሻላል» ብሎ በደመደመ ነበር። (በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በየዕለቱ ለመምህሩ እየነገረ ይታረማል። የኔታ ይህን ያህል ዘመን ሲያደርጉት የኖሩትን እኛ ከውጭ መጽሔት ማንበባችን ትንሽ ያስተዛዝባል።)

መምህር የራሱን ማስተማር ያጥና የሚለው ሐሳብ በአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የተጀመረውና ኋላም ወደ ሌሎች የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሎች የተስፋፋው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ ሠልጣኙ መምህር በራሱ ክፍል ተግባራዊ ምርምር እንዲያካሂድ ይጠይቃል። ችግርህን ለይ፣ አንድ ነገር ለውጥ፣ ውጤቱን መዝግብ፣ እንደገና ሞክር ነው ነገሩ። ለሳይንስ ሰው ከዚህ የቀረበ አሠራር ከየት ይመጣል?

ሆኖም ብዙዎቻችን ምርምሩን ያካሄድነው ለምስክር ወረቀቱ ብለን እንደሆነ መሸሸግ አይገባንም። ጽሑፉ ተጠርዞ ገባ፤ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ኮርስ የተረከበው ባልደረባችንም ሳያየው ያንኑ ስሕተት ከመጀመሪያው ጀመረ። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሳይሆን የእኛ ነው። እርግጥ ክፍሎች ይጨናነቃሉ፤ የማስተማር ጫናም አለ። ነገር ግን ለደረጃ ዕድገት በዋናነት የሚታሰበው በሙያ መጽሔት የታተመ ጽሑፍ እስከሆነ ድረስ፣ «ተማሪዎቼ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ለምን ይስቱታል?» ብሎ ወር ሙሉ የሚመረምር መምህር ጊዜውን እንዳባከነ ሰው መታየቱ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ለተማሪው ምኑ ነው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የማካካሻ ትምህርት መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግን የምንሰማው አንድ ነው፤ «ልጆቹ መሠረት የላቸውም»። እውነትነት አለው። ግን ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን አሰባስበው ሲያነጻጽሩ፣ በንግግር ብቻ በሚሰጥ ትምህርት 33.8 በመቶ፣ ተማሪው እየሠራና እየተወያየ በሚማርበት ደግሞ 21.8 በመቶ ተማሪዎች ወድቀዋል። ልዩነቱ ወደ 12 በመቶ ነጥብ ይጠጋል። ይህ ከመቶ ተማሪዎች አሥራ ሁለቱ ናቸው፤ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወይም የማይመለሱ።

ቁጥሩ የሌላ አገር ስለሆነ በእኛ ዘንድ በዚያው ልክ ይሠራል አንልም። ለዚህም ነው እዚሁ መለካት ያለበት። ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ማታ በመኝታ ክፍላቸው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ይከራከሩበታል። ለአሥር ደቂቃ ይህን ክርክር ወደ ክፍል ብናስገባው ከአራት ሳምንት በኋላ የሚቀረው እውቀት ይጨምር ይሆን? ይህን ለማወቅ የውጭ እርዳታም፣ ውድ መሣሪያም አያሻም። ሁለት ክፍሎች፣ አንድ ዓይነት አጭር ጥያቄ፣ አንድ የቀን መቁጠሪያ ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ኮንክሪቱ ስለ መፈተሹ አይጠየቅም፤ ተማሪ ግን ይጠየቃል። ውጤት የሚሰጠው መምህር ራሱ አጥኚ ሲሆን ተማሪው «አይሆንም» ለማለት ይፈራል። ስለዚህ መልሱ ያለ ስም ይሰብሰብ፤ ከማርክ ጋር አይያያዝ፤ የጥናቱ ውጤትም ለተማሪዎቹ ይነገራቸው።

ውድ ተማሪዎች፣ መምህራችሁ አንድ ቀን ስም የማይጻፍበትና ማርክ የማይያዝበት ወረቀት ይዞ ከገባ፣ ከጓደኛ አትቅዱ፤ ደብተርም አትግለጡ። ያላወቃችሁትን ባዶ ተዉት። መምህሩ የሚፈልገው ያንን ባዶ ቦታ ነው።